እጅ አሥራ አንድ

ፕሮግራመሯ ቤተ መዛግብቱ ሲቀጥራት የተሰጣት ቢሮ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል የሚታየው የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት የሠራችው ዕቃ አድራሽ ሞተረኞችን የሚያሰማራ ሶፍትዌር ላይ ስለነበር፣ ጓደኞቿ «ከሞተር ወርደሽ አቧራ ላይ ተቀመጥሽ» እያሉ ቀለዱባት። እሷ ግን አልቆጫትም። አንድ ሞተረኛ አሥር ደቂቃ ዘገየ ተብሎ ሲጮኽባት ከመዋል፣ ስልሳ ዓመት ከዘገየ ወረቀት ጋር መዋል ይሻላል ባይ ነበረች።

ወረቀቶቹ ሠላሳ አንድ ሺህ ማመልከቻዎች ናቸው፤ የድሮው የከተማ ፍርድ ቤት ሲፈርስ በሰባ ሣጥን ተጭነው የመጡ። በዚያ ዘመን መጻፍ የማይችል ባለጉዳይ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ወደሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይሄዳል። የደረሰበትን ይነግራቸዋል፤ እነሱም ወግ ባለው ቋንቋ አሳምረው ይጽፉለታል። ደመወዙ የተያዘበት፣ አጥሩ የተገፋበት፣ ባሏ ወጥቶ የቀረባት፣ ሁሉም እነዚያ ሣጥኖች ውስጥ ነበሩ።

ሥራውን የጠነሰሱት የታሪክ ፕሮፌሰሩ ናቸው። ሲያስነጥሳቸው እንኳ ወረቀት እንዳይበርባቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩ ጥንቁቅ ሰው ናቸው።

«ስምንት ዓመት አንድ በአንድ ሳነብ ቆየሁ» አሏት በመጀመሪያው ቀን፤ «አሁን ሣጥን ዘጠኝ ላይ ነኝ። በዚህ አያያዜ ለመጨረስ ሌላ ዕድሜ መበደር ሊኖርብኝ ነው።»

እሷ የምትሠራው ሶፍትዌር የተነሣውን የወረቀት ምስል አንብቦ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ነበር፤ ፕሮፌሰሩ አንድ ቃል ሲጽፉ ቃሉ ያለባቸውን ማመልከቻዎች ሁሉ ከሰባው ሣጥን ለቅሞ እንዲያመጣላቸው። የእጅ ጽሑፍ ደግሞ እንደ ሰው መልክ ነው፤ አንዱ ካንዱ አይገጥምም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ጽሑፎቹን በየጸሐፊያቸው ይለያል፤ ለእያንዳንዱም ቁጥር ይሰጣል፦ እጅ አንድ፣ እጅ ሁለት፣ እጅ ሦስት። የማን እጅ መሆኑን ካወቀ ንባቡ ይቀለዋል።

ብቻዋን አልነበረችም። ኮዱን ማንም እንዲያየው፣ እንዲያርመውና እንዲጨምርበት በኢንተርኔት ላይ ክፍት አድርጋው ነበር። ለመርዳት ይመጣል የተባለው ሕዝብ ግን አልመጣም፤ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ በምትርቅ ከተማ በሙያ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ሥራ ያስተምራል፤ ይህን የሚሠራው ደስ ስለሚለው ብቻ ነው። ተያይተው አያውቁም፤ ድምፅ ለድምፅ እንኳ አይተዋወቁም። የሚገናኙት ከኮዱ ሥር በሚጽፏቸው አስተያየቶች ነበር። አንድ ጊዜ አርባ መስመር ኮዷን በአንዲት ሰረዝ ምክንያት ስለመለሰባት «አቶ ሰረዝ» ብላ ጻፈችለት። እሱም ስሙን ወደደውና በዚያው ቀን መለያውን ወደ «ሰረዝ» ቀየረ።

አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ያወጣችውም ራሷ ናት። አንዱ የሠራውን ሌላው አይቶ ሳይስማማበት ወደ ዋናው ኮድ አይገባም።

ነገሩ የተበላሸው ኤግዚቢሽኑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው።

ቤተ መዛግብቱ ማመልከቻዎቹን ለሕዝብ ሊያሳይ ደግሶ ነበር። በመግቢያው ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ፎቶ የአንድ ዝነኛ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፤ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ጠረጴዛቸው ላይ ክርናቸውን አሳርፈው የተነሡት። ፎቶውን የሰጠው ልጃቸው ነው። ከሠላሳ አንዱ ሺህ ማመልከቻ ሦስት ሺህ ሁለት መቶው ግርጌ ላይ የእሳቸው ፊርማ አለ፤ የዓሣ መንጠቆ የመሰለች አጭር ቆልማማ ጭረት። ሶፍትዌሩ ግን እነዚያን ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ወረቀቶች ለሁለት ከፈላቸው። እስከ ሣጥን አርባ አንድ ያሉትን እጅ ሰባት አላቸው። ከሣጥን አርባ ሁለት ወዲህ ያሉትን አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ደግሞ እጅ አሥራ አንድ።

«ፊርማው አንድ፣ ሰውዬው አንድ፤ እጁ እንዴት ሁለት ይሆናል?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

እሷም ነገሩን ስትፈትሽ ከሣጥን አርባ ሁለት ጀምሮ ስካነሩ መቀየሩን አወቀች። የአዲሱ ስካነር መብራት ጠንካራ ነው። በቃ፣ ጥፋቱ ተገኘ! ግማሽ ቀን ቁጭ ብላ አንድ ደንብ ጻፈች፤ ፊርማው አንድ ከሆነ ጸሐፊውም አንድ ነው የሚል። ስታስሄደው እጅ ሰባትና እጅ አሥራ አንድ ተዋሐዱ። ሰንጠረዡ አማረ። ለሰረዝ ላከችለት፤ በማግስቱ ጠዋት መልሱ መጣ።

«ይህን አልቀበልም። እጅ ሰባት ‹መ›ን ሲጽፍ ሁለቱን ዓይኖች ጨፍኖ ነው፤ ቀለም ይሞላቸዋል። እጅ አሥራ አንድ ሁለቱንም ክፍት ትቶ ያልፋል። መብራት ቀለም ያደምቃል እንጂ የፊደል ዓይን አይከፍትም።»

ቆሽቷ አረረ። «ሰው ሲያረጅ እጁ ይቀየራል» ብላ መለሰችለት።

«ሲያረጅ ይቀየራል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ግን አይቀየርም። የሣጥን አርባ አንድን መጨረሻና የሣጥን አርባ ሁለትን መጀመሪያ ተመልከቺ፤ ሰኞ እጅ ሰባት ነው፣ ሐሙስ እጅ አሥራ አንድ።»

«ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ። ለመሆኑ የጠላኸው ኮዱን ነው ወይስ እኔን?»

ለዚህ መልስ አልጻፈም። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ በእሱ ቦታ ራሷ ፈቅዳ ደንቡን ልታስገባው እጇን ቁልፉ ላይ አሳርፋ ነበር። ከልካይ የላትም፤ የኮዱ ባለቤት እሷ ናት። ሕጉን ያወጣችው ራሷ መሆኗ ትዝ ሲላት እጇን አነሣች።

ፕሮፌሰሩ ክርክሩን አንብበው ጨረሱና ሳቁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ልጃቸው እኮ እዚሁ ከተማ ነው። ሂጂና ጠይቂው፤ አባትየው እጃቸው ተሰብሮ ይሆናል፣ በግራ መጻፍ ጀምረው ይሆናል። ሰው እያለ ከማሽን ጋር ምን አጨቃጨቀን?»

የጸሐፊው ልጅ ፍሬም ሠሪ ነበር፤ ሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ፣ ጣቶቹ ሙጫ የለበሱ ሰው። ሱቁ ከፊት፣ ቤቱ ከኋላ ነው። እንግዳ መጣች ብሎ የሠራተኛ ካፖርቱን አወለቀና ወደ ውስጥ አስገባት። ከመስኮቱ አጠገብ እናቱ ተቀምጠው የሸሚዝ ቁልፍ ይተክላሉ። ሰማንያን አልፈዋል፤ በመርፌ ክር የሚያሾልኩት ግን ያለ መነጽር ነው።

«እማዬ፣ ከቤተ መዛግብት ነው የመጡት፤ ስለ አባባ» አላቸው።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ» አሉና ወደ ቁልፋቸው ተመለሱ።

ፕሮግራመሯ ጉዳዩን በቀላሉ አስረዳች። ፍሬም ሠሪው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አዳመጠና፣ «እህቴ፣ ማሽናችሁ ተሳስቷል» አላት። «አባቴ እጁ ተሰብሮ አያውቅም። ሌላ ጸሐፊም አልቀጠረም። እስኪሞት ድረስ ብዕሩን ሰው አላስነካም! እኔ አራተኛ ልጁ ነኝ፤ አራታችንም የተማርነው በዚያ ብዕር ነው።»

«አባትዎስ ታምመው ነበር ጋሼ? እጃቸውን ያማቸው ነበር?»

«ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ እንኳ የሽምግልና ነው።»

እሷም ደብተሯን ዘጋች። ልክ ነበርኩ ብላ ደስ ሊላት ሲገባ ነገሩ አላምር አላት። ልትነሣ ስትል አሮጊቷ ቀና አሉ።

«ያ ማሽን የሚለያቸው ከመቼ ጀምሮ ነው አልሽ?»

«ትልቁ ጎርፍ ከመጣበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ነው እማማ።»

አሮጊቷ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

በማግስቱ ጠዋት ዘበኛው ምድር ቤት ድረስ ወርዶ «አንዲት እናት ‹ማሽኑን አሳዩኝ› እያሉ በር ላይ ቆመዋል፤ ምን ልበላቸው?» አላት። ሮጣ ወጣች። አሮጊቷ በሁለት አውቶቡስ ብቻቸውን ነው የመጡት። ደረጃውን ክንዷን ይዘው አንድ በአንድ ወረዱ፤ ወንበር ላይ ሲቀመጡም ትንፋሻቸው እስኪመለስ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች ቃኙት።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው እማማ።»

«ጆሮ አለው?»

«የለውም።»

«እሰይ። በይ ወረቀትና ብዕር ስጪኝ።»

ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ወረቀቱን ትንሽ አዘነበሉት፣ አንገታቸውን ሰበር አደረጉና ሁለት መስመር ጻፉ፦ «ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ፦ እኔ አመልካች ከዚህ በታች የተመለከተውን በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።» ፊደሉ እንደ ሕትመት ቀጥ ያለ ነበር። የ«መ» ዓይኖች ሁሉ ክፍት ነበሩ።

ፕሮግራመሯ ወረቀቱን አነሣችና ለሶፍትዌሩ ሰጠችው። ሁለት ሴኮንድ ቆየ። *እጅ አሥራ አንድ፤ ዘጠና ስድስት ከመቶ።*

«ምን አለ?» አሉ አሮጊቷ።

«እርስዎ ነዎት አለ።»

«እንግዲያማ ተሳስቷል የሚለው ልጄ ነው የተሳሳተው» አሉና መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ተናገሩ።

«በጎርፉ ዓመት እጁ እንቢ አለው። መጀመሪያ ብርጭቆ ነው የጣለ፤ ቀጥሎ ብዕር። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ ‹የነርቭ ነው፣ አይመለስም› አሉን። አራት ልጅ አለን። እጁ መንቀጥቀጡ ቢሰማ ያችን ጠረጴዛ በማግስቱ ሌላ ሰው ይይዛታል። እኔ ደግሞ አባቴ ቤት ተምሬ ነው ያገባሁት። ባለቤቴ መጻፍ እንደምችል ሲያውቅ ‹ደግ ነው፣ የገበያ ዝርዝር አትረሺም› ነበር ያለኝ» ብለው ሳቁ። «እንግዲህ እሱ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ባለጉዳዩን ያዳምጣል። ‹ነገ ና፣ በደንብ አስቤበት ልጻፍልህ› ይለዋል። እቤት መጥቶ ይነግረኛል፤ አንዲት ቃል አይረሳም። እኔ ልጆቹ ሳይነሡ በጠዋት እጽፋለሁ። ያቺን መንጠቆ ብቻ እሱ ይፈርማል፤ እሷን እጁ አልከለከለውም። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን።»

«ለማንም ሳይናገሩ?»

«ለማን እናገራለሁ? በዚያ ዘመን ሴት የጻፈችውን ማመልከቻ ይዞ ዳኛ ፊት የሚቆም ማን ነው? እሱ ሲሞት ደግሞ ልጆቹ ያለቀሱት ያንን ብዕረኛ አባታቸውን ነው። እኔ ምን ብዬ ልንጠቃቸው? ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

ፕሮግራመሯ የጻፈችው ደንብ አሁንም በሌላው ስክሪን ላይ ተከፍቶ ነበር። አንዲት ቁልፍ ብቻ ነበር የቀረችው፤ ያቺን ብትነካት እኚህን ሴት ከአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ወረቀት ላይ ትፍቃቸው ነበር፣ ያውም ስህተት አረምኩ ብላ እየኮራች።

«አሁን ታዲያ ለምን ነገሩኝ እማማ?»

«ትናንት ስትናገሪ ሰማሁሻ። ‹ሌላ እጅ አለ› አልሽ። ስልሳ ዓመት ሊሞላ ነው፤ አንድም ሰው እንዲያ ብሎ አያውቅም። ማሽን አየኝና ደስ አለኝ፤ ይሄው ነው።» ወዲያው ፊታቸውን አጠነከሩ። «ግን ስሚ፤ እኔ ለልጄ ራሴ ሳልነግረው ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ።»

«ቃል ገብቼልዎታለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ቀናት ረጅም ነበሩ። ለፕሮፌሰሩ «እጅ አሥራ አንድ እውነተኛ ሰው ነው፤ ማንነቱን አሁን ልነግርዎ አልችልም» አለቻቸው። ፕሮፌሰሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይቆየን» አሉ። ለሰረዝ ደግሞ «ደንቤን ሰርዤዋለሁ። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ» ብላ ጻፈችለት። እሱም አንዲት ነጥብ ብቻ መለሰ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም።

በስድስተኛው ቀን ፍሬም ሠሪው መጣ። ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ ከነመጋዙ አቧራ ምድር ቤት ወርዶ በሩ ላይ ቆመ።

«እናቴ ነገረችኝ» አለ። «ሁለት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። አሁን የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። አባቴን ከመዝገብ ልትሰርዙት ነው?»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ…»

«አልቀመጥም። ፎቶውን በእጄ ነው ያመጣሁላችሁ። ሰዉ መጥቶ ‹ይሄ ሰውዬ ውሸታም ነበር› እንዲለው ነው?»

ዓይኗ ወደ ስክሪኑ ሄደ። ከማመልከቻዎቹ አንዱ ፊት ለፊቷ ተከፍቷል፤ ከጎኑ ራሷ የሠራችው ሰንጠረዥ አለ፤ በሰንጠረዡ ላይ «ጸሐፊ» የሚል አንድ ዓምድ። አንድ ዓምድ፣ ለአንድ ስም የሚበቃ። አባትየውን ብትጽፍበት እናትየው ይወጣሉ፤ እናትየውን ብትጽፍ አባትየው። ይህን ሁሉ ቀን እጆቹን ስትመረምር የኖረችው የተበላሸው ሰንጠረዡ ሆኖ ነው እንዴ?

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ሁለት ሰው የሠራውን ሥራ አንድ ሰው ብቻ በሚያስገባ ቦታ ልከትተው ነው የታገልኩት። ልቀይረው እችላለሁ። አንዱ ዓምድ ‹የጻፈ› ይባል፤ ሌላው ‹የፈረመ›። እናትዎ እዚህ፣ አባትዎ እዚህ።»

ፍሬም ሠሪው ጠጋ ብሎ ስክሪኑን ተመለከተ። «የፈረመ ብቻ?» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አባቴ እኮ ያዳምጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የሰው ለቅሶ ያዳምጥ ነበር። እኔ ምሳ ሳደርስለት አይቻለሁ፤ አንዷ ተንሰቅስቃ እስክትጨርስ ብዕሩን አያነሣም ነበር። እጁ እንቢ ብሎት እንደሆነ እኔ በምን አውቄ! ለዚያስ ዓምድ የለውም?»

እሷ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ለዚያ ዓምድ አልነበረውም። በዓለም ላይ ያየቻቸው እንዲህ ያሉ ሰንጠረዦች ሁሉ ለዚያ ዓምድ አልነበራቸውም።

እሱ እንደወጣ ስልኳን አነሣች። የሰረዝን ቁጥር ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት አገኘችና ደወለች። ሸካራ ድምፅ ያለው ኮስታራ ሰውዬ ጠብቃ ነበር፤ ያነሣው ቀጭን፣ ሳቅ ሳቅ የሚል ድምፅ ነው።

«አቤት፣ ማን ልበል?»

«ኮድ የመለስክብኝ ሰው ነኝ።»

«የትኛውን ኮድ?» አላት።

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ስትረጋጋ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራችው፤ እናትየው ለልጃቸው ራሳቸው ነግረውታልና። ስትጨርስ ከበስተጀርባው የተማሪዎች ጫጫታ ይሰማ ነበር።

«ልክ ነበርክ» አለችው።

«ልክ መሆኔን አላውቅም ነበር እኮ። እኔ ያየሁት የፊደል ዓይን ብቻ ነው። ሰው ይኖርበታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ለምን ነጥብ ላክህልኝ?»

«ምን እንደምል ጨነቀኝ፤ ዝም ካልኩ ደግሞ የተቀየምኩ ይመስልሻል ብዬ።»

በዚያው ቀን ጀመሩ። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ሠላሳ አንድ ሺህ መዝገብ በአንድ ዓምድ ላይ ተገንብቶ አንዱን ዓምድ አራት ማድረግ፣ ሰው እየኖረበት የቤት መሠረት እንደመቀየር ነው። አራቱ ዓምዶች እነዚህ ነበሩ፦ የተናገረ፣ ያዳመጠ፣ የጻፈ፣ የፈረመ። ሰረዝ በየዓምዱ ከአንድ በላይ ስም እንዲገባ አደረገ፤ «አይታወቅም» የሚለውም እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ሙሉ መልስ እንዲቆጠር አስገደዳት። «ካልታወቀ አልታወቀም፤ ማሽኑ እንዳያፍርበት» አላት። ጠዋት እሷ ትሠራለች፤ ከሰዓት ትምህርት ሲያልቅ እሱ ይረከባል። ሦስት ጊዜ መለሰባት፤ ሁለት ጊዜ መለሰችበት። አንዱን የመለሰችበት በአንዲት ሰረዝ ምክንያት ነው፤ ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ደስ ብሏት ዋለች።

ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው እናትና ልጅ አብረው መጡ። ፕሮግራመሯ ከአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶው አንዱን ከፈተችላቸው፤ ባሏ የሞተባት ሴት በደጃፏ ስላለ ዛፍ ያቀረበችው ማመልከቻ ነው። ፍሬም ሠሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«‹ዛፉን ያጠጣሁት ከሩቅ ቧንቧ በባልዲ ተሸክሜ ነው። አሁን ጎረቤቴ ጥላው እሱ ግቢ ስለሚያርፍ ዛፉም የእኔ ነው ይላል። ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ፦ ጥላ የፀሐይ ነው፤ ጠዋት እኔ ግቢ ነበር። ዛፍ ቢናገር ኖሮ ሌላ ምስክር ባልጠራሁ።›»

አንብቦ ሲጨርስ ከወረቀቱ በታች ያሉትን አራት ዓምዶች ተመለከተ። የተናገረ፦ አመልካቿ። ያዳመጠ፦ አባቱ። የጻፈ፦ እናቱ። የፈረመ፦ አባቱ።

«እማዬ፣ ይሄን አንቺ ነሽ ያልሽው?»

«ባልዲውን ሴትዮዋ ናት ያለችው» አሉ አሮጊቷ። «ጥላው ጠዋት የት እንደሚያርፍ የጠየቃት አባትህ ነው። ‹ዛፍ ቢናገር› ግን የእኔ ነው።»

«ፈረዱላት?»

«ፈረዱላት እንጂ! አባትህ እየሮጠ መጥቶ ነገረኝ። ሰው እንዳይሰማን በር ዘግተን ጨፈርን።»

ፍሬም ሠሪው የእናቱን እጅ አነሣና አገላብጦ አየው፤ አጥንቱ የወጣ፣ ቆዳው የሳሳ እጅ። «እኔ እኮ ይሄ እጅ ሲሰፋ ብቻ ነው ያየሁት» አለ። ፕሮግራመሯም በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታላቸው ወጣች።

ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። የአባትየው ፎቶ በቦታው ዋለ፤ ከጎኑ አሮጊቷ ምድር ቤት የጻፏት ሁለት መስመር ተሰቀለች። ያ የኤሌክትሪክ መምህርም ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት የማይሞላው ቀጫጫ ነበር፤ እሷን ሲያገኛት ከሰላምታው በፊት «አራተኛው መግለጫ ሰሌዳ ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል» አላት። አቀፈችው። ከዚያ አንድ ላይ ሄደው ሰሌዳውን አስወረዱት።

በወሩ ሦስት ሌሎች ቤተ መዛግብት ሶፍትዌሩን ወስደው መሥራት ጀመሩ። አንደኛው የደብዳቤ ክምችት ያለው ነው፤ ሁለተኛው የሆስፒታል መዝገብ፤ ሦስተኛው ደግሞ «እኛም ዘንድ አንድ ፊርማ ለሁለት ተከፈለ፤ ብልሽት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ፕሮግራመሯ መልሱን ከሰረዝ ጋር ነው የጻፈችው፤ አጭር ነበር። «ላይሆን ይችላል። ከማረማችሁ በፊት ቤተሰቡን ፈልጉ፤ ቤት ስትሄዱም ዝም ብለው የተቀመጡትን ጠይቁ።»

አሮጊቷ አሁን በየሐሙሱ ጠዋት ምድር ቤት ይመጣሉ። ልጃቸው አድርሷቸው ይሄዳል። ሁሉም «እማማ አሥራ አንድ» ነው የሚሏቸው፤ እሳቸውም «ሰው በስተርጅና ማዕረግ ያገኛል፣ እኔ ቁጥር አገኘሁ» እያሉ ይስቃሉ። ሥራቸው ሶፍትዌሩ ያነበበውን ማረም ነው። ፕሮግራመሯ በየማስተካከያው ሥር ስማቸውን ታስገባለች፤ ሰረዝም እንደማንኛውም ሰው ይገመግማቸዋል። ሁለት ጊዜ ሊመልስባቸው ሞክሮ ሁለቴም ተረትቷል።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ማመልከቻ ቀርባላቸው ከላይ እስከ ታች አነበቡና ወደ ኋላ ተደገፉ።

«ይቺ የእኔ አይደለችም» አሉ።

«ማሽኑ ግን ሰማንያ ስምንት ከመቶ እርግጠኛ ነኝ ይላል እማማ» አለች ፕሮግራመሯ። «‹መ›ዋንም ይመልከቷት፣ ዓይኖቿ ክፍት ናቸው።»

«ዓይኗን ተዪው፤ አንብቢያት። ‹በእግርዎ ሥር ወድቄ፣ ጫማዎን ስሜ› ትላለች። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ባለጉዳይ ጫማ አላስሳምኩም። እንደ ሰው ቆሞ ነው የሚናገረው። የሌላ ጸሐፊ ናት፤ ምናልባት የዚያ ጥግ ላይ የሚቀመጠው ወፍራሙ።»

ፕሮግራመሯ ሳቀች። የአሮጊቷን ስም ከዓምዱ አወጣችና «አይታወቅም» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም የወፍራሙን ጸሐፊ ነገር ለሰረዝ ማስታወሻ አድርጋ ተወችለት።

«በይ» አሉ እማማ አሥራ አንድ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ እየሳቡ፤ «የሚቀጥለውን አምጪ።»